ከአባዬ ጉልበት የወጣው አረር

ለውድ እህቴ ለቬርና፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የሃይራም ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ነው ከወንበር የሚነሳው? ትንሿ ኮራ ጥርሷ ወለቀላት ወይ? እማማ በየቀኑ ስለ እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ የማውቅ ይመስል። እኛ ከብርዱና ከአባዬ ንጭንጭ በቀር ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ ውሸት ነው፤ ግን ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው።

ቴሌግራሙ አባዬን ድብ እንዳቆሰለው፣ አንድ እግሩ እንደተቆረጠና በሕይወት እንዳለ ነግሮሻል። ሦስቱም እውነት ነው። የጎደለውን ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በፋሲካ ሰሞን ከምትሠሪበት ማተሚያ ቤት ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ያረጀ የማተሚያ ፊደል በሳጥን ልከሽልን አልነበር? አባዬ ሳጥኑን ሲከፍት እንደ ሕፃን ነው የፈነጠዘው። እንደ ልማዱ ከመኪና ጎማ ማመጣጠኛ ከለቀመው ለስላሳ እርሳስ ጋር ቀላቅሎ አቀለጠው፣ አረሩን በቅርጽ እያፈሰሰ ትኩሱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣለው። ሲቀዘቅዝ በጥፍሩ ሊጭረው ሞከረ፣ አልሆነለትም። "እህትህ የላከችው ብረት ነው እንዴ? ይሄማ ድብን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ይበሳዋል!" አለኝ። ባዶ ቀለህ ላይ ገጥሞ፣ ከሥሩ ባለው እጀታ ጥይት ለሚጎርሰው ለዚያ ለአያታችን ጠመንጃ ሃያ ጥይት አዘጋጀልኝ።

በኦክቶበር መጨረሻ ከገደሉ በላይ አንድ ትልቅ ኤልክ አጋዘን ጣልን። ግማሹን ሥጋ በፈረስ አወረድን፣ ግማሹ እዚያው አደረ። አባዬ ዛፍ ላይ ስቀለው ብሎኝ ነበር። ገመዱ በረዶ ይዞ እጄን ስላቃጠለኝ፣ ነገ ጠዋት እንወስደው የለ እንዴ ብዬ መሬት ላይ ተውኩት። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይሄ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከላይ በኩል ቁልቁል ስንመለስ ሥጋው አይታይም። በቦታው የአፈርና የቅጠል ክምር ነበር። አባዬ ከኔ በታች አሥር እርምጃ ቀድሞ ስለነበር ክምሩን አየና እጁን አንስቶ ቁም አለኝ። ሥጋውን ቀብራ የምትጠብቀው ግሪዝሊ ድብ ከቁጥቋጦው ወጥታ ጠመንጃውን ሳያነሳ በደረቱ ደፋችው። ትከሻውን ነክሳ እንደ ጨርቅ ስታራግፈው አጥንቱ ሲሰበር ከቆምኩበት ሰማሁት። ከዚያ የጭንቅላቱን ቆዳ ከማጅራቱ ጀምራ በጥርሷ ገፈፈችው። በረዶው ቀልቶ እንፋሎት ይወጣው ነበር። አባዬ ግን ከሥሯ ሆኖ "ተኩስ እንጂ! ምን ተገትረህ ታያለህ፣ አንተ ደንባራ!" እያለ ይሰድበኛል።

ተኮስኩ። ጥይቱ በሻኛዋ ገባ። መምታቴን ያወቅሁት ግን በእሷ አይደለም፣ በአባዬ ጩኸት ነው። እስከዚያ ድረስ ተሳደበ እንጂ አንድም ጊዜ አልጮኸም ነበር። እጀታውን ወደ ታች ገፍቼ መለስኩና ከጎኗ ሮጬ ሁለተኛውን አንገቷ ውስጥ ለቀቅሁት። እላዩ ላይ ወደቀች።

ከላይ ወደ ታች ስተኩስ ከሆዷ በታች ማን እንዳለ አላሰብኩም ቬርና። ለስላሳ እርሳስ ቢሆን ሰውነቷ ውስጥ ተድጦ ይቀር ነበር። የኛው አረር ግን ሳንባዋን በስቶ፣ ሆዷን በስቶ፣ የአባዬን ጉልበት አደቀቀው። እግሩን የበላችው ድቧ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ የፊደሉን ነገር አንስተሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ፤ ፊደል ምላጭ አይስብም።

በፈረስ ጎትቼ ድቧን ከላዩ አነሳሁ፣ ጭኑን በቀበቶዬ አስሬ አወረድኩት። ሐኪሙ እግሩን ከመቁረጡ በፊት አረሩን ሲያወጣ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ጀግና እያለ ቢራ ይጋብዘኛል። እማማ አባትህን አተረፍክልኝ ብላ እጄን ሳመችኝ። እጄን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ።

ባለፈው እሑድ እውነቱን ልነግረው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ሳልከፍት እጁን ትራሱ ሥር ሰዶ አረሩን አወጣ። ሐኪሙን ለምኖ የተቀበለው ነው። "እየው፣ ጫፉ ተላጠ እንጂ አልተጣመመም። የእህትህ እርሳስ እርሳስ ነው!" አለኝ። ማልቀስ ስጀምር ተቆጣ። "ዝም በል፣ እናትህ ትሰማሃለች። ድብ የበላው ሽማግሌ በዚህ አገር ሞልቷል። ልጁ የመታው ሲሉኝ ግን መስማት አልፈልግም። ውሰድና አቅልጠው" አለኝ።

ምድጃውን አነደድኩ። አረሩን በመዳፌ ይዤ እንደቆምኩ እሳቱ ጠፋ። ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽ እሱ ነው። ወንዝ ውስጥ ጣይው፣ ቅበሪው፣ እንደፈለግሽ አድርጊው። አባዬ ቀልጧል ብሎ ነው የሚያምነው።

ለሃይራም የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ኮራን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። አባዬ ለገና ስትመጪ የድቧን ቆዳ ግድግዳ ላይ አሳይሻለሁ ብሎሻል። እማማም በጣም ናፍቀሻታል። ቆዳውን ያለፋችው እሷ ናት። ትናንት ልሰቅለው ስዘረጋው የሻኛዋና የአንገቷ ቀዳዳዎች እንዳሉ ናቸው። አረሩ ወደ አባዬ የወጣበትን የሆዷን ቀዳዳ ግን እማማ በወፍራም ክር ጥብቅ አድርጋ ሰፍታዋለች።

ወንድምሽ ኤልዉድ
በርች ክሪክ፣ ሞንታና
ኖቬምበር 19 ቀን 1957