ሳልፈርም የተፈረመው ስሜ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ዓለሚቱ፤

የጌታ ሰላም ካለሽበት ጓዳ ድረስ ይግባልሽ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ብርድ ሲሆን የሚነሣብሽ ሳልስ ተወሽ? አዲሱ ቤት ተስማማሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሽ ወጋየሁስ ደህና ነው? እኔ አንቺን ከማሰብና ከማፈር በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰሞኑን የነፋስ ስልክ ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይውላል፤ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ።

ለሠርግሽ ያልመጣሁበትን ምክንያት ከእኔው አፍ እንድትሰሚው ብዬ ነው የምጽፈው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ስትዳሪ እጅሽን ይዤ ለሙሽራው የምሰጥሽ እኔ እንደሆንኩ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንነጋገርበት ኖረናል። ሐሙስ በትንሿ አውሮፕላን ጂንካ እገባለሁ ብዬሽ ሱፌን አስተኩሼ ነበር።

በዚያው ሰሞን ግን የአውሮፕላኗ ሆድ ላይ ቆርቆሮው ተሰንጥቆ ተገኘ። እኛ ዘንድ የሚጠግነው አንድ፣ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። የጠገነው ሠራሁ ብሎ ይፈርማል፤ ሌላው ሥራው ሳይሸፈን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ አየሁ ብሎ ይፈርማል። ያለ ሁለተኛው ፊርማ አውሮፕላኗ አትነሣም። ጠጋኙ ጓደኛዬ ዱጉማ ነበር፤ ያ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ ፎቶግራፉን የላክሁልሽ። የማየው ደግሞ እኔ ነኝ።

ረቡዕ የይለፍ ወረቀት ላወጣ ቀበሌ ስጉላላ ውዬ ስመለስ ዱጉማ ጠግኖ፣ ሸፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ ጨርሷል። ብሎም በእኔ ቦታ ስሜን ጽፎ ፈርሞልኛል። ከእኔ ጽሕፈት ይልቅ ያምራል። ለሠርጉ እንዳትዘገይ ብዬ ነው፣ አንተ ሻንጣህን ብቻ አዘጋጅ አለኝ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። አልፈርድበትም። በሠፈራችን ስብሰባ ስም ሲጠራ ለቀረ ጎረቤት አቤት ማለት ደግነት ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዙሌካ እንኳ ድምፃቸውን አወፍረው ስንቴ እኔን ላቀውን ሆነውልኛል። ዱጉማም ያንኑ ደግነት ነው አውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ድረስ ይዞ የገባው።

አለቃችን አቶ አምሐ ይህን ሰምቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። የዱጉማን እጅ ታውቀዋለህ፣ እህት የምትዳረው አንዴ ነው፣ ዝም ብለህ ተሳፈር አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዱጉማን እጅ አውቀዋለሁ። ደግሞ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ክፉ ሰው ጆሮ ከገባ ስሙ አሻጥር ነው፤ ዱጉማ የልጆች አባት ነው። እትዬ፣ ዝም ልል ነበር። ሽቶዬን እንኳ ሸሚዜ መሐል ከትቼ ነበር። ነገር ግን አብረውኝ የሚሳፈሩት ሰዎች የዱጉማን እጅ አያውቁም፤ የሚሳፈሩት አየሁ በሚለው ቃል ነው። እኔ ደግሞ አላየሁም። አዎን ከሆነ አዎን በል፣ አይደለም ከሆነ አይደለም በል ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከወቀስሽኝ ራስሽንም አብረሽ ውቀሺ።

ዱጉማን ራሱ እንዲያርመው ለመንኩት። ስሕተት አይፋቅም፣ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ እሱም በስሜ ላይ አሰመረ፣ አጠገቡ አልታየም ብሎ በራሱ ስም ፈረመ። አቶ አምሐም ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ይከፈት ብሎ ከሥሩ ፈረመና ነገሩ እዚያው ሃንጋር ውስጥ ቀረ። ዱጉማ ግን ከዚያ ወዲያ አላነጋገረኝም። ሐሙስ አውሮፕላኗ ከነሆዷ ቆመች፤ የምትከፈተው ሰኞ ነው፣ በመኪና ደግሞ ለሠርጉ አይደረስም፤ እኔም ቆምኩ።

በሠርግሽ ዕለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሱፌን ለብሼ ደጃፌ ተቀመጥኩ። በላፍቶ በኩል ባሕር ዛፉ ይወዛወዛል፤ ሰማዩ ባዶ ነው። ሳላስበው ጂንካ ሆንኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ከብቶቹ ተኝተዋል፤ አንቺ ነጭ ለብሰሽ በመካከላቸው ትሄጃለሽ፤ አንዷም አትነሣም። መዝሙሩን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ፤ እግርሽ ሣሩን የሚነካ አይመስልም። እጅሽን ዘረጋሽልኝ፤ ስዘረጋ ንፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳና ነፋስ ስልክ ሆንኩ። እዚያው አለቀስኩ። እጅሽን ማን እንደያዘልኝ የአክስቴ ልጅ ሣራ ትጻፍልኝ።

ሰኞ ተከፈተ። በመስተዋትና በባትሪ አየሁት፤ እያንዳንዷን ምስማር ዳሰስኩ። የዱጉማ ሥራ አንድ እንከን አልነበረበትም። እንግዲህ ሠርግሽ የቀረብኝ በከንቱ ነው ማለት ነው፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ባትሪውን ይዞልኝ የነበረው ዱጉማ ነው። ስፈርም፣ አሁን አየኸው ወይ አለኝ። አየሁት አልኩት። ይቺን ተባብለን እንደ ድሮው ምሳ አብረን በላን።

አሁን ልመናዬን ስሚኝ። ዘግይቶም ቢሆን መልሱን እኔ ቤት እደግሳለሁ። ጋሽ ወጋየሁን ይዘሽ ነይልኝ፤ ዱጉማ በግ እመርጣለሁ ብሎ ከወዲሁ ያስቸግረኛል። አክስቴን ገበያነሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሣራን፣ ትምህርቷን እንዳታዋዛ ብሏል በያት። ጋሽ ወጋየሁን፣ እጅ በእጅ ያላስረከብኩህን አደራ ጠብቅልኝ ብሏል በዪው። ወይዘሮ ዙሌካም ሳያውቁሽ ናፍቀውሻል።

የምትመጪው በዚያችው አውሮፕላን ነው። ከብቶቹ እንዲነሡ ሜዳውን አንዴ ዞራ ታርፋለች። ከመሳፈርሽ በፊት ከክንፏ ኋላ ዝቅ ብለሽ እዪ፤ ቀለሙ ከሌላው ደመቅ ያለ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ አለች። እጅሽን አሳርፊባት። እሷን አይቻታለሁ።

ወንድምሽ ላቀው

ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
የካቲት ፪ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.