ከሟች ጋር ለቃለ መጠይቅ ስዘጋጅ

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እንደ ወትሮው፣ የቀድሞ ኃላፊዬ የጋሼ ጫላቸው መልእክት ገባ። «ደህና አደራችሁ። ሲስተሙ በሕይወት አለ። ጫላቸው።»

ሲስተሙ አዎ። እሱ ግን ከሞተ ዓመት ከስድስት ወር ሆነው።

የሚልከው ራሱ ጽፎት የሄደ ፕሮግራም ነው። የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። አለቃችን ሙሴ ዓብዱልጀሊል (ሙሴ እዚህ አገር «አቶ» ማለት ነው) ደግሞ ፈልገን እንድናጠፋው አይፈቅድም። «ቢጠፋ ምን አብሮት እንደሚቆም ማን ያውቃል?» ይላል። ስለዚህ በዚህ የጅቡቲ ትራንዚት ድርጅት ውስጥ በሰዓቱ ሥራ የሚገባው ብቸኛ ሠራተኛ ሟቹ ነው።

ረፋዱ ላይ ሌላ መልእክት። ይሄኛው ከሕያዋን። ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ያለው አዲሱ ድርጅት ለመሪ የሶፍትዌር መሐንዲስነት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ጠዋት ማድረጋቸው ብልህነት ነው... ጫት ከገባ በኋላ በዚህ ከተማ ማን ማንን ይጠይቃል?

መሪ። እኔ፣ ባንቲሁን። ክፍሌ ገብቼ ጮክ ብዬ አልኩት። ቬንቲላተሩ ብቻ ሰማኝ። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሲቪዬን አነበብኩት። እንዴት ያለ ሰው ነው! ባገኘው እኔም እቀጥረው ነበር።

አንዷ መስመር ላይ ቆምኩ። «በ2015 ዓ.ም. ከሦስት መቶ በላይ ከባድ መኪኖችን ያቆመ ብልሽት ሲደርስ፣ በአሥራ ዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ያስተካከለውን ቡድን መርቷል።»

ቡድኑ ሁለት ሰው ነበር። መሪው ጋሼ ጫላቸው። ተመሪው እኔ።

ልሰርዛት? ከሰረዝኳት ሲቪው ላይ የሚቀረው ዕድሜዬና ስልኬ ነው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጓደኛዬ የምስራች መጣች። ፈረንሳዮች ቤት ነው የምትሠራው፣ እዚያው ታድራለች፤ የምትወጣው ዓርብ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣ ፈረንሳይኛ ያለኝ እኔ፣ ከኩሽና የወጣ ፈረንሳይኛ ባላት በእሷ ፊት ዲዳ ነኝ። ቃለ መጠይቁ ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው፤ ስለዚህ ጠያቂ እንድትሆንልኝ ለመንኳት። አልጋዬ ላይ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች፤ ወዲያው ማዳሟን ሆነች።

«ቦንዡር ሙሴ። ይቀመጡ። እጅዎን ታጥበዋል?»

«የምስራች! መሥሪያ ቤት ነው እኮ!»

«ማዳም ቤቷ ለገባ ሁሉ ነው የምትለው። ዝም ብለህ መልስ። ትልቁ ድክመትህ ምንድን ነው?»

«ሥራ ማብዛት።» ከኢንተርኔት ያጠናሁት ነው። ሁሉም ይህን ነው የሚሉት አሉ።

«ያ ሳህን ከማክሰኞ ጀምሮ ሳይታጠብ የተቀመጠው ሥራ በዝቶብህ ነዋ።»

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ። ያጋጠመህን ከባድ ብልሽት ንገረን። ነገርኳት። መኪኖቹን፣ አሥራ ዘጠኙን ሰዓት፣ እንዴት እንደመራሁ። በፈረንሳይኛ፣ ያለ አንዲት እንቅፋት። እኔም ገረመኝ።

የተነባበረ እግሯን ፈታች።

«አንተ ስትዋሽ ፈረንሳይኛህ ይጠራል» አለች።

«ምን?»

«ቅድም ስለ እናትህ በፈረንሳይኛ ስትነግረኝ እየተንተባተብክ ነበር። አሁን እንደ ሬዲዮ ነው የለቀቅከው።»

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አልዋሸሁም። አሳጠርኩት እንጂ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

በሌላው ዓለም መናፍስት የሚመጡት በእኩለ ሌሊት ነው አሉ። እዚህ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጫቱ ተከፋፍሎ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰፈሬ ካርቲየ 3 ጸጥ ሲል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ያኔ ግድግዳው ፊት ቆሜ እለማመዳለሁ። «ችግሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ...» ስል ከኋላዬ ጉሮሮ ይጠረጋል። እ-ህም። ጋሼ ጫላቸው ኮድ ሲፈትሽ ስህተት ያየ ለት እንዲሁ ያደርግ ነበር። አይሰድብ፣ አይቆጣ። እ-ህም ብቻ።

ዛሬ ዞር ብዬ አየሁ። ወንበሩ ላይ የተሰቀለው ሸሚዜ ነው።

ቧንቧው ነው አልኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በካርቲየ 3 ቧንቧ ውሃ የለውም።

በቃ፣ እዚህ ልጻፈው። የሚያነበው እኔ ነኝ።

ከኢትዮጵያ የሚመጡት መኪኖች የመውጫ ፈቃዳቸው ላይ ያለው ቀን በኛ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይረውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጳጉሜን አምስት ቀን አደረግኳት። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ረሳሁ። ፈረንሳዊ ቢረሳው ይቅር ይባላል። እኔ ግን ለኢትዮጵያ መኪና፣ በኢትዮጵያ ቀን፣ ኢትዮጵያዊ ሆኜ...

ጳጉሜ 6፣ 2015 ነጋ። ሲስተሙ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ የሁሉንም ፈቃድ መለሰ። ከሦስት መቶ በላይ መኪና ከከተማው መውጫ ላይ በዚያ ፀሐይ ቆመ። ሾፌሮቹ መኪናቸው ሥር ተኙ። ስልኩ አላረፈም። ጋሼ ጫላቸው ለአሥራ ዘጠኝ ሰዓት ከወንበሩ አልተነሳም።

ሙሴ ዓብዱልጀሊል ገብቶ «የማን ሥራ ነው?» ሲል ጋሼ ጫላቸው አላየኝም። እንዳያየኝ ብሎ ነው ያላየኝ። «እኔ ነኝ ኃላፊው። የእኔ ስህተት ነው» አለ። የመኖሪያ ፈቃዴ ያን ሳምንት ነበር የሚታደሰው። ያውቅ ነበር።

እኔ በዚያን ቀን ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ውሃ ላምጣ?»

ውሉን አላደሱለትም። ድሬዳዋ ገባ። በስምንተኛው ወር ሞተ። ኩላሊት ነው አሉ። ኩላሊት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ለየምስራች ነገርኳት። በአማርኛ፤ እሱም ተንተባተበ።

«እና ሰውየው እንዲሁ ሄደ?»

«ሄደ።»

«አንተስ?»

«ውሃ ላምጣ አልኩ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ጫማዋን አደረገች።

«ሌላውን እንደፈለግክ ንገራቸው» አለች በሩ ላይ ሆና። «ውሃዋን ግን ተዋት። ውሃዋ ታስጠላለች።»

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ክራቫት ተበደርኩ። ሰማያዊ። አንገቴ ላይ ሲታሰር የሚቀጠር ሰው እመስላለሁ፤ ሲፈታ በፖሊስ የሚያዝ።

ሁለት መልስ በሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ የሚያስቀጥር። ሌላው እውነተኛው። የመጀመሪያው እንዴት ያምራል! ሁለተኛው መጨረሻ የለውም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሦስት ሆነው ጠየቁኝ። ሰብሳቢዋ ማዳም ሙኒራ፤ ብዕሯን እንደ ቢላ ነው የምትይዘው። መሐንዲሱ ዘይድ። አንድ ደግሞ ከሠራተኛ አስተዳደር፣ ከሰላምታ በቀር ምንም ያልተናገረ።

ሰሌዳው ላይ የሣልኩት አለፈ። የሰርቨሩ ጥያቄ አለፈ። «በአምስት ዓመት ውስጥ ራስህን የት ታያለህ?» እሱም አለፈ፤ መሪ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ማዳም ሙኒራ ሲቪዬን ገለበጠች።

«ሦስት መቶ መኪና። ይህን ንገረን።»

አፌን ከፈትኩ። ያማረው መልስ ተሰልፎ ቆሟል። እ-ህም... አየር ማቀዝቀዣው ነው። አየር ማቀዝቀዣው መሆኑን አይቻለሁ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ፈረንሳይኛዬ ፈረሰ። ግስ ጠፋኝ። ጳጉሜን ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ማስረዳት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው... አሥራ ሦስተኛ ወር አለን፣ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ቀን ናት። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ እያሾፍኩ መሰለው። ውሃዋንም ነገርኳቸው። የምስራች ይቅር ትበለኝ።

ዘይድ አዘነልኝ መሰለኝ። «ኮዱን ያጸደቀው ማን ነው?» አለ።

«እሱ።»

«እንግዲያው ስህተቱ የሱም ነው። አሠራሩ ይኸው ነው።»

የማምለጫ በር ከፈተልኝ። «ልክ ነህ» ብዬ መግባት ብቻ ነበር።

«ከማጽደቁ በፊት ጠይቆኝ ነበር» አልኩ። «ስድስተኛዋን ቀን ሞክረሃታል? አለኝ። አዎ አልኩት። አልሞከርኩም ነበር።»

ይህን ለየምስራች እንኳ አልነገርኳትም። እዚህም አልጻፍኩትም ነበር።

ማዳም ሙኒራ ብዕሯን አስቀመጠች። «አሁን የት ነው ያለው ሰውየው?»

«ሞቷል።»

«ቤተሰቡ ያውቃል? ስህተቱ የአንተ መሆኑን?»

ከመቶ ሃያ በላይ ጥያቄ አጥንቼ ነበር።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጅቡቲ ከተማ አይደለችም፤ አንድ ትልቅ ሳሎን ናት። ዘይድና ሙሴ ዓብዱልጀሊል አብረው ነው ለካ የሚቅሙት። ቃሌን በጠዋት ሰጥቼ፣ ከሰዓት አለቃዬ ጋ ደርሷል።

ዛሬ ጠራኝ። አልጮኸም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ሰው ስረግም ነበር» አለ። «ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አንተን በደንብ እረግምህ ነበር።»

ውሌ በታኅሣሥ ያልቃል። አይታደስም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ከፕላቶ ዱ ሰርፓን መልስ መጣ። ስለ ግልጽነቴ አመሰገኑኝ። ቦታውን ለሌላ ሰጥተውታል። የምስራች ማዳም ባል ያውቀዋል አሉ፣ የተቀጠረውን ሰው። ተሳስቶ የማያውቅ መሐንዲስ ነው ይባላል። እግዚአብሔር መኪኖቹን ይጠብቅ።

የማዳም ሙኒራ ጥያቄ ግን አልሄደም። ጉሮሮ ከሚጠርገው ይብሳል። ያኛው ቃል አልነበረውም።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ደወልኩ። ድሬዳዋ። ባለቤቱ እትዬ ትግስት አነሳች።

«ማን ልበል?»

«ባንቲሁን ነኝ... ከጋሼ ጫላቸው ጋር ጅቡቲ እሠራ የነበርኩት።»

«ውይ! ባንቲሁን! ስምህን ያነሳ ነበር እኮ። ደህና ነህ ወንድሜ?»

ወንድሜ አለችኝ። ቸኩዬ ነገርኳት፤ ሌላ ደግ ቃል ሳትጨምርብኝ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ጳጉሜ ስድስት የልጄ ልደት ነው። በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣላት። ያን ቀን በባቡር እመጣለሁ ብሎ ትኬት ቆርጦ ነበር። ቀረ። ከዚያ ውሉ አይታደስም የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ጳጉሜ ስድስትን በመርሳቱ።»

«እትዬ...»

«እኔ ምን አልኩት መሰለህ? ምን ዓይነት አባት ነው ጳጉሜ ስድስትን የሚረሳ። ስምንት ወር ሙሉ። ሆስፒታል እንኳ ብዬዋለሁ። አንድ ቀን አልመለሰልኝም፣ ባንቲሁን። አንድ ቀን።»

ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ከስልኩ ራቅ ብላ በሌላ ድምፅ ልጇን ጠራች። ከዚያ፣ «እሷም እንደዚያ ነው የምታውቀው። አንተው ንገራት» አለችኝ።

ትንሽ እጅ ስልኩን ሲቀበል ተሰማኝ።

«አባቴን ታውቀዋለህ?»

«አዎ።»

«ልደቴን ረስቶታል?»

«አልረሳም። እኔ ነኝ የረሳሁት። እሱ የኔን ሲያስተካክል ነው የቀረው።»

«ለምን ረሳህ?»

«ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ያላት መስሎኝ ነበር።»

«ስድስትም አላት» አለች። «እኔ የተወለድኩባት።»

«አዎ» አልኩ።

ስልኩን አልዘጋችም። ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። እኔም አልዘጋሁም።