የኬሬንሳ ዋንጫ

ትሬሎዋን፣ ኮርንዋል
እሑድ፣ ማርች 24 ቀን 2019

የምወድህ ልጄ ጃጎ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሳሉ ተወህ? ደረቴን ያመኛል ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ ሐሳቤ አንተው ዘንድ ነው። ሹራብ ልልክልህ ፈልጌ ብጠይቅ ከውጭ የሚገባ ልብስ አይፈቀድም አሉኝ። እንግዲህ ያለህን ደራርበህ ተኛ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ይሰማኛል እንጂ የሚያስተኛ ነገር የለብኝም። ሰሞኑን የባሕሩ ነፋስ የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና አባትህ ያደርገው እንደነበረው ካስማ እየተከልኩ ራሴው አቆምኩት።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ አጥር አይደለም። ትናንት የአትክልተኞች ማኅበሩ የጸደይ አበባ ውድድር ነበር፤ እኔም አበባ ይዤ ሄጄ ነበር። ይህን ስታነብ ትደነግጥ ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ከታሰርክ ወዲህ በማኅበሩ አዳራሽ ደጃፍ አልፌ አላውቅም። ዳቦ እንኳ የምገዛው ከማዶው መንደር ነው። ሰው ክፉ ተናግሮኝ አይደለም። እዚህ ሱቅ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል፣ ስወጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እሱን ከመስማት መንገድ መዞር ይቀለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሚስተር ኦፒ በሩን አንኳኩ። ዛሬም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ የሚተካቸው ጠፍቶ እንጂ እግራቸውስ ደክሟል። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ሄስተር ልጄ፣ አምና በዳፎዲል አበባ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው።

«ሁለተኛም የወጣሁት እኔው ነኝ። ሦስተኛም እኔው። ከራሴ ጋር ተኳርፌ ነው የከረምኩት።» ፈገግ አላሉም። «ወጣቱ ከተማ ገባ፣ ሽማግሌው መቃብር ገባ። ጠረጴዛው ባዶ ነው። አበቦችሽን ባጥሩ ላይ አሻግሬ አየኋቸው። እነሱን ጓሮ ውስጥ ማስረጀት ነውር ነው።»

«እዚያ ማን እንዳለች ያውቃሉ፣ ሚስተር ኦፒ።»

«አውቃለሁ። ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላለች። ግን እምቢም አላለች።»

የምንነጋገረው ስለ ኬሬንሳ እናት፣ ስለ ላቭዴይ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ የሚመጣውን አበባ ሁሉ ተቀብላ የምትመዘግበው እሷ ናት። እንግዲህ አበባ ይዤ ከሄድኩ ፊቷ መቆሜ አይቀርም።

ሳስብበት ሰነበትኩ። ዓርብ ከሰዓት ነፋሱ ጋብ ሲል መቀስ ይዤ ወጣሁና ነጭ ቅጠል ያላቸውን፣ መሐላቸው እንደ እንቁላል አስኳል የደመቀውን መረጥኩ። የሄድኩትም፣ ሰው በሕይወት እያለ ከራሱ መንደር እንደሞተ መቆጠሩ ሰልችቶኝ ይሆናል።

ላቭዴይ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አብረን ተምረን፣ ልጆቻችንን አብረን አሳድገን፣ ልጇ ኬሬንሳ ምራቴ ልትሆን ጥቂት ሲቀራት ነው ያ አደጋ የደረሰው። ቀና ሳትል፣

«ስም?» አለች።

«ሄስተር ትሬንጎቭ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ከዚያ ስሜን ጻፈች፤ ፊደሉን ሳታዛንፍ፣ ቀስ ብላ።

«የቱ ምድብ?»

«ሦስት ዳፎዲል፣ አንድ ዓይነት።»

«ካርድሽን ገልብጠሽ አስቀምጪው። ዳኛዋ ስም ማየት የለባትም።»

በቃ፤ ይኸው ነው። አበባዬን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ፣ እንኳን ይህችን ተወጣኋት ብዬ ዞር ስል መድረኩ ላይ አንድ የብር ዋንጫ አየሁ። ቀረብ ብዬ የተቀረጸበትን አነበብኩ፤ «ለኬሬንሳ ሮስኪሊ መታሰቢያ፤ ለዓመቱ ምርጥ አበባ።» ላቭዴይና ባሏ ፔትሮክ ናቸው አምና የሰጡት። አልሄድ ስለነበር አላውቅም። ሚስተር ኦፒም አልነገሩኝም፤ ረስተውት ይሁን አስበውበት ዛሬም አልገባኝም።

አበባዬን ላነሳ ተመለስኩ። ግን ዳኛዋ መጥታ ኖሮ ሁላችንንም አስወጥተው በሩን ዘጉት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና ሚስተር ኦፒ እንዲያሸንፉ ጸለይኩ። የአበባ ሰው ሆኜ ስኖር አበባዬ እንዲሸነፍ ስጸልይ ትናንት የመጀመሪያዬ ነው።

ዳኛዋ ከትሩሮ ከተማ የመጣች፣ የማንንም ታሪክ የማታውቅ ሴት ናት። በሩ ተከፍቶ ሰው ሻዩንና ሳፍሮን የተባለ ቅመም የገባበትን ዳቦ እየያዘ ሲሰበሰብ መድረኩ ላይ ወጣች። የአበቦቼን ቅጠል ጥራት፣ የአንገታቸውን ቀጥ ማለት አመሰገነች፤ ከዚያ ካርዱን ገልብጣ ስሜን ጠራች።

ያጨበጨበ ሰው የለም። ፔትሮክ ከወንበሩ ተነሣ። ማንንም ሳያይ በሰዎቹ መካከል አልፎ ወጣ፤ በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ በእጁ ደግፎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

«ሚስተር ኦፒ፣ ለሚቀጥለው ይስጡልኝ» አልኳቸው።

እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ላቭዴይ ቀደመቻቸው። «ዳኛዋ ፈርዳለች። ደንቡ ደንብ ነው» አለች። ዋንጫውን አንሥታ ወደ እኔ መጣች። አንዱን እጀታውን እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን ግን እሷ አልለቀቀችውም። ጠጋ ብላ፣ «ወደ ጓዳው ነይ» አለችኝ።

የአዳራሹን ጓዳ ታውቀዋለህ፤ ሻይ የሚፈላበት ጠባቡ ክፍል ነው። በሩን ዘጋችና የሚሰማ ሰው እንዳይኖር የውኃውን ቧንቧ ከፈተችው።

«ይጽፍልሻል?» አለችኝ።

«በየሳምንቱ።»

«ስለ እሷስ?»

«አይጽፍም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።»

«ፍርድ ቤት ተቀምጬ ስለ ፍጥነቱ ሰማሁ፣ ስለ ዝናቡ ሰማሁ፣ ስለ መኪናው ጎማ ሳይቀር ሰማሁ። ልጅሽ ጥፋተኛ ነኝ አለና ተቀመጠ። አምቡላንሱ ሲደርስ ገና ነፍሷ እንዳልወጣች ሐኪሙ ተናግሯል። እስከዚያ ድረስ አብሯት የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

«አዎ።»

«ይቅር አላልኩትም፣ ሄስተር። ወደፊትም እንጃ። እንዳትሳሳቺ።»

«አልሳሳትም።»

«ማወቅ የምፈልገው ግን አለ። ተናግራ ነበር ወይ? ፈርታ ነበር? እጇን ይዞላት ነበር ወይስ ብቻዋን ነበረች? በሐሳቤ በየዓይነቱ ሠርቼዋለሁ፤ እውነቱ ከሠራሁት ሁሉ የከፋ አይሆንም። ፔትሮክ ማወቅ አልፈልግም ይላል። እኔ እናቷ ነኝ፤ እፈልጋለሁ።»

«እጽፍለታለሁ» አልኳት።

«መልሱን ላንቺ አይጻፈው። አንቺ ታለሳልሺዋለሽ። በቀጥታ ለኔ ይጻፍ።»

ቧንቧውን ዘጋች። እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ከዚያ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዛ ለሰዎቹ ልትቀዳ ወጣች። እኔም ዋንጫውን በካፖርቴ ሸፍኜ በኋላ በር ወጣሁ። አሁን ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አለ። ባገኘሁት ስፍራ ሁሉ አስቀምጬ አነሣሁት፣ አንዱም ቦታው አልሆነም።

ልጄ፣ ጻፍ ብዬ አላዝህም። ሰው ሆነሃል፤ የምትችለውን የምታውቀው አንተ ነህ። ብትጽፍላት ግን የጠየቀችህን ብቻ ንገራት። እንዲያምር አድርገህ አታስተካክለው። ስለ ራስህ ሥቃይ አታንሣባት፣ ይቅርታም አትለምናት፤ እሷ የፈለገችው ልጇን ነው። እጇን ይዘህላት ከነበረ ንገራት። ካልያዝክላትም ንገራት። በሠራኸው ነገር ዳኛ ፊት ቆመሃል፤ ይህ ግን ከዚያ የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ።

ከአበቦቹ አንዱን በዚህ ወረቀት ውስጥ ላደርግልህ ነበር፤ ደብዳቤውን ከፍተው የሚያዩት ሰዎች እንደማያሳልፉት ስለማውቅ ተውኩት።

ለኔ ግን እንደ ወትሮው የሆነ ያልሆነውን ጻፍልኝ። ምን እንደበላህ፣ ምን እንዳነበብክ። ላቭዴይ ያነበበችውን ልትነግረኝ ብትመጣ በሬን እከፍትላታለሁ፤ እንዳትመጣ ግን ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብዬ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት።

እውነት ለመናገር ድፍረት የሚሰጥ አምላክ አጠገብህ ይቁም። የሚያጽናና ሰው በማይገኝበት በዚያ ስፍራ እሱ ሰው ይሁንልህ። ስትጽፍ እጅህን ያጽናልህ።

ሁልጊዜ የምትወድህ
እናትህ ሄስተር