አባዬ ስብሰባ የገባ ዕለት

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፤ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ፣ እንቅልፍህስ? እኛ ደህና ነን፤ የልብስ ስፌቱም ሥራ ሞቅ ብሏል።

መጠጥ መተው የሚፈልጉ ሰዎች በሰፈራችን እንደሚሰበሰቡ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነገረችኝና ቅዳሜ አባዬን ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ቀጥ አለ።

«የማውቀው ሰው ቢኖርስ?»

«እሱም ለዚሁ ነው የመጣው፤ ምን ብሎ ያማሃል?» አልኩት።

አሁን ይመለሳል ብዬ ስፈራ፣ ራሱ በሩን ገፍቶ ገባ።

ሰዎቹ ወንበር በክብ ደርድረው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። «መናገር ግዴታ አይደለም» አለችው። አባዬ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አሻሸ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «የመጣሁት ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። ይህ የመጠጥ አመል ወደ ልጄም ተጋብቷል» አለ።

ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። አንገቴን ደፋሁ እንጂ እኔ አይደለሁም አላልኩም።

እሁድ ማታ ስትደውል ድምፅህ ከብዶብኝ፣ ቃላትህም ተሳስረውብኝ ነበር፤ መቼም ያለህበት ከተማ ብርድ ይሆናል። ሰብሳቢዋ እንዲህ ያለ ስብሰባ በየከተማው አይጠፋም ትላለች፤ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የምነግርህ።

አባዬ ሰላም ብሎሃል። ሊያናግርህ ስለሚፈልግ፣ ከእንግዲህ ስትደውል ጠዋት ጠዋት ይሁንልኝ ብሏል።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

ታናሽ እህትህ