እኔ ያፈረስኩት ዋጋ

የእናታችን ምትክ፣ ምክርዎ ከሩቅ ሳይቀር ቤታችንን የሚያቀና ክብርት ታላቅ እህቴ ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ደኅና ነን።

ልጄ ከቅጥር ሥራዋ ወጥታ ሙሽሮችን በግሏ ማስዋብ እንደ ጀመረች ሰምተዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሙሽራ እናት ቤታችን መጥተው «ዋጋሽ ስንት ነው?» ቢሏት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስታሰላ የሰነበተችውን ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ እኔ ሽማግሌው ለጨዋነት ብዬ፣ «ኧረ በእኛ መካከል ምን የዋጋ ነገር ይነሳል፣ የእርስዎው ልጅ አይደለችም እንዴ!» አልኩ። ሴትዮዋም ቃሌን እንዳለ ተቀበሉት። ልጄም ቃሌን ላለማጠፍ ሙሽራዋንና አራት ሚዜዎቿን ከማለዳ ጀምራ አስውባ፣ ምርቃት ብቻ ይዛ ተመለሰች።

«አባዬ፣ ፓውደር በምርቃት ይገዛል?» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ብሩሾቿን ስታጥብ ጀርባዋን እንኳ ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ «ለሥራዬ ጓደኛዬ ቤት ብርሃኑ ይሻላል» ብላ መስታወቷን ወደዚያ ወስዳለች፤ ትናንት ደግሞ ትራሷን ወሰደች። ቤቱ ሰፍቶናል።

ልጆቹን ሁሉ በእኔ ፈንታ ጉንጫቸውን እየሳሙ፣ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፦ እዚህ እኛ ዘንድ ለሚደገሰው ለልጅዎ ሠርግ ሲመጡ፣ እኔ ባለሁበት የሙሽራዋን ማስዋቢያ ዋጋ ልጄን ራሷን ይጠይቋትና የጠራችውን ሳይከራከሩ ይክፈሏት።