በመጋዝ የነካሁት ዘንግ

ጥቅምት 4፣ 1996

ጠዋት የሚኒባስ ፍሬን እየሠራሁ ነበር። የአከራዬ ልጅ የመልአኩ መኪና በገመድ ተጎትታ መጣች። ዛሬም! የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ እንደ ሸንኮራ አገዳ ተቀንጥሷል። ሦስተኛው ነው። ዘንጎቹን የያዘው አክስል የተሠራው ለድሮው ትንሽ ሞተር... እሱ ግን በአረካ መንገድ ሊሽቀዳደምባት ትልቅ ሞተር አስገጠመባት።

«ፍሪሲዮኑን በአንዴ እየለቀቅህ አትነሳ። መኪናዋ አትችለውም» አልኩት።

በጥፊ አጮለኝ። በሠራተኞቼ ፊት። «አንተ ነህ የማትችለው!»

በልቤ በወላይትኛ ሰደብኩት። ለምን በአፌ አላልኩትም? ጋራዡ ያለበት ግቢ የአባቱ ስለሆነ?

ጥቅምት 7

ጋሼ ሀብተየስ ዘንድ ሄድኩ። ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤታቸው ከጋራዡ አጠገብ ነው። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተሰበረውን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ብረቱ ምን ያድርግ? ከአቅሙ በላይ ነው የተጫነበት።»

ቢጠና ከተማ አጠገብ ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ወፍራም አክስል አገኘን። ጠንካራ ነው፤ ግን ረዝሟል። እንዳለ ቢገጠም ጎማዎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ከሁለቱም ጎን ቆርጠን ልናሳጥረው ነው።

ጥቅምት 12

ቀኑን ሙሉ ብየዳ። ዘንጎቹ በሚገቡበት ቱቦ ውስጥ ቀጥ ያለ ረጅም ብረት ከተን፣ ጥቂት በይደን፣ አዙረን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን... ከቸኮሉ ይጣመማል። ጋሼ ላባቸው እየተንጠባጠበ «ይቺን ሳልሳፈርባት አልሞትም» ብለው ሳቁ።

መልአኩ መጣ። «እስካሁን አልጨረሳችሁም?» የጎማ መፍቻ ወረወረ። ጆሮዬን ስቶ የመስኮቱን መስታወት አረገፈው። ከዚያ ገፍትሮ ጣለኝና ጎኔን በጫማው... አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጋሼ ናቸው አንቀው ያነሱልኝ።

ባለቤቴ ጎኔን አይታ አለቀሰች። «ክሰሰው!» በአከራያችን ልጅ ላይ ማን ደፍሮ ይመሰክርልኛል?

ጥቅምት 15

ዘንጎቹ ተሠርተው አለቁ። ጋሼ አሳጥረው ጫፋቸው ላይ ያለውን መያዣ ጥርስ እንደገና አወጡላቸው። የሚያምር ሥራ።

ምሳ ሰዓት ብቻዬን ቀረሁ። የብረት መጋዝ አነሳሁ። የግራውን ዘንግ፣ ቱቦው ውስጥ በሚደበቀው በኩል፣ ሲሶ ያህል ገዘገዝኩት። መኪናዋ ስትገለበጥ ታየኝ። ደረቱ ከመሪው ጋር ሲላተም... ደስ አለኝ። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ጠላቶቼ የጸለይኩት እኔ ነኝ?

ገጠምኩት።

ጥቅምት 16

ነገ ይወስዳታል።

ኅዳር 18

ከወር በኋላ ነው የምጽፈው። በግራ እጄ። ፊደሎቼ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስላሉ።

መልአኩ መኪናዋን ሊወስድ በመጣ ቀን ጓሮ ስታጠብ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ መኪናዋ ከግቢው እየወጣች ነው። ከፊት ወንበር... ጋሼ ሀብተየስ! በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ለካ ጉኑኖ ከተማ ለቅሶ ነበረባቸው፤ መልአኩ «ላድርስዎ» ብሏቸዋል።

የጎረቤት ሞተር ብስክሌት ነጠቅኩ። አልለመንኩም፤ ሰውየውን ገፍትሬ ነጠቅኩ። ከከተማው መውጫ ነዳጅ ሲቀዱ ደረስኩባቸው። የጋሼን በር በረገድኩት።

«ይውረዱ! ዘንጉን በመጋዝ ቆርጬዋለሁ!»

መልአኩ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ። ዘሎ ወርዶ ዞሮ መጣ። ጋሼ ወርደው ነበር፤ እኔ ግን የበሩን ጠርዝ እንደያዝኩ ነበርኩ። በሩን በቀኝ እጄ ላይ ወረወረው። ከፍቶ ደገመው። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ጮህኩ... ማን ያገላግላል? ነዳጅ ቀጂው ሸሸ። ጋሼ አጠገቤ ቆመዋል፤ እጃቸውን አልዘረጉም። ሲያዩኝ ነበር።

ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶቼ ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነገረኝ።

ታኅሣሥ 3

ሽማግሌዎቹ ትናንት አስታረቁን። ኤርሳዶ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ «አንዱ ሊገድል ገዘገዘ፣ አንዱ አካል አጎደለ። ክስ ብትሉ ሁለታችሁም እስር ቤት ትገባላችሁ» አሉ። መልአኩ አንገቱን ደፋ። እኔም። ግቢውን ግን እስከ ጥር ልለቅ ነው።

ዛሬ ጋሼ በገዘገዝኩት ፋንታ አዲስ ዘንግ ሠርተው መኪናዋ ወደቆመችበት ጋራዥ መጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ብለውኝ አያውቁም።

«ጋሼ፣ እርስዎን ብዬ አልነበረም» አልኩ።

«አውቃለሁ። የተቀመጥኩበት ግን እኔ ነበርኩ።»

ዘንጉን ልቀበላቸው ግራ እጄን ዘረጋሁ። ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«አትንካው።»

መኪናዋ ሥር ገቡ። ለብቻቸው ሲታገሉ ብዙ ቆዩ። ቆሜ ጠበቅኩ... መሄድ ነበረብኝ?

«ባትሪ አብርተህ ያዝልኝ» አሉ ከሥር።

ተንበርክኬ ያዝኩላቸው።