አትደውሉ፣ ጻፉልኝ

ጥቅምት 4
የሆቴሉን መጋረጃ ጨረስኩ። ቀኑን ሙሉ ጠርዝ ማጠፍ... ወንድም ጋሼ ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁም። ኋላ ኢሞ ላይ የድምፅ መልእክት ላከ። ግራ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። የሚነዳው የጭነት መኪና ይጮኻል፣ እሱ ያወራል፣ ምንም አልያዝኩም። ቀኙማ ካመመኝ ወዲህ ጭራሽ ሄዷል። ለማን ልንገር? ደንበኛ ቢሰማ ልብሱን አምኖ ይሰጠኛል?

ጥቅምት 7
መደበቂያ ሳማርጥ ዋልኩ። ዋትስአፕ... ደንበኞቼ እዚያ ናቸው፣ ግን ሳነብ በሰማያዊ ምልክት ይናገርብኛል። ምልክቱን አጠፋሁት። ቴሌግራም ለፎቶና ለልኬት ይመቸኛል፤ እሱም ላይ የገባሁበትን ሰዓት ደበቅኩ። ኢሞን የያዝኩት ለወንድም ጋሼ ብቻ ነው። እሱን ምን ላድርገው? ጻፍልኝ እንዳልለው ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ፊደል ሲያይ ያልበዋል።

ጥቅምት 12
ጉድ ሆንኩ! ትናንት አንዱ ደንበኛ ሲደውል ሳላስበው አነሳሁት። "ለሳምንት አድርሺልኝ" ያለኝ መሰለኝ። ለካ "ነገ ለሰባት" ነው ያለው! ዛሬ በሰባት ሰዓት ከች። ኮቱ ገና እጅጌ የለውም።
"ወንድሜን ልድር ነው እኮ፣ ሴትዮ!"
ጥልፍ የምትሠራው ጓደኛዬ አንዱን እጅጌ፣ እኔ ሌላውን... አደረስንለት። ሲወጣ ፊቴን ይዛ ወደሷ አዞረችው።
"አንቺ፣ አይሰማሽም እንዴ?"
ራሴን ነቀነቅኩ።
"ታዲያ ምኑ ያሳፍራል?"

ጥቅምት 14
ወንድም ጋሼ ራሱ መጣ። መኪናውን በር ላይ ገትሮ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ። ድምፁ እንኳን እኔ፣ ጎረቤት ይሰማዋል።
"ምን አስቀየምኩሽ? ንገሪኝና ልወቀው!"
"ጆሮዬ ነው፣ ወንድም ጋሼ..."
"ምን?"
"አይሰማኝም!"
ጮኬ ነው መሰለኝ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወንድም ጋሼ የጨርቅ ክምሩ ላይ ዘጭ አለ።
"እኔ ደግሞ ናቀችኝ ብዬ... መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰል..."
አለቀሰ? ላብ ነው አለኝ።

ጥቅምት 15
ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ኢሞ፣ ሦስቱም ላይ ከስሜ ሥር ጻፍኩት፦ "ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። አትደውሉ፣ ጻፉልኝ። ማታ የቤቴ ነኝ፣ ጠዋት እመልሳለሁ።" የደበቅኩትንም ሁሉ ገለጥኩ። መጀመሪያ የመለሰችው የሆቴሉ ኃላፊ ናት፦ "ተመስገን! እኔም ስልክ ማውራት አልወድም። የጠረጴዛ ልብሱንም አንቺው ስፊልን።"

ጥቅምት 20
ማታ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አልሞተም።

ኅዳር 3
ሐኪሙ ለግራው ጆሮዬ የመስሚያ መሣሪያ አዘዘልኝ። ቀኙ አይመለስም አለ... እሺ።
ከሰዓት ኢሞን ከፈትኩ። ወንድም ጋሼ "እየጻፈ ነው" ይላል። ይጠፋል። እንደገና ይላል። መቀሱን አስቀምጬ ጠበቅኩት። ጓደኛዬም ሥራዋን ትታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ታያለች።
መጣ፦
"እህቴ ዳር ይዤ ቆሜ ነው ምጽፈው። ደናነኝ። ናፍቀሽኛል።"
በአፉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።